ዛፍራን በባለቤቴ ማድቤት

ምራቴ ወደ ቤታችን ስትገባ ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣና አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ሻንጣውን ልጄ ተሸከመላት፤ ጣሳዋን ግን ለማንም አልሰጠችም፣ በነጠላዋ ሥር ደረቷ ላይ ይዛት ገባች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች። «ምን ደብቀሽ መጣሽ?» ስትላት እየሳቀች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲሳሳቁ አላየሁም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተጀርባ፣ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። አካባቢው ያኔ ከተማም ገጠርም አልነበረም፤ በአንድ በኩል የሹማምንት ቪላ፣ በሌላው በኩል የጤፍ ማሳ። አውሮፕላን ሲነሣ የማድቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቴም እስኪያልፍ ድረስ የድስቷን ክዳን በእጇ ትይዛለች። እኔ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከተምቤን መጥቼ የቀን ሥራ ስሠራ፣ ሱቅ ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው ፊደል የለየሁት። ማንበብ ስለምችልና ሰው ፊት ለፊቴ ሲዋሽ ዝም ስለማልል፣ የቀበሌው ሰው ለፍርድ ሸንጎ መረጠኝ። የአጥር ክርክር፣ የስድብ ክስ፣ የጎረቤት ጠብ እንሰማ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ ከሳሽ ብዙ ጊዜ የሚከስሰው ባቆሰለው ነገር አለመሆኑን ነው። ያቆሰለውን መናገር ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ሊናገረው የሚችለውን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ይህ በገዛ ቤቴ እንደሚገጥመኝ ግን አላሰብሁም።

ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአሰብ ወደብ ዕቃ ያመላልስ ነበር፤ አንድ ጊዜ አስመራ ተመድቦ ሄዶ ነው ልጅቷን ያገኛት። ወላጆቿ በሕፃንነቷ ሞተዋል። ያሳደገቻት አክስቷ በጣልያኖች ቤት ወጥቤት ነበረች። ጣልያኖቹ ነገሩ ሲከፋ ጥለው ሲሄዱ ለአክስቷ ከተዉላት ዕቃ አንዱ ያች ጣሳ ናት። ቀጥሎ አክስቷም አረፈች፣ ይኖሩበት የነበረው ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልጅቷ ከእኛ ቤት ብትወጣ የምትመለስበት ደጃፍ አልነበራትም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ባለቤቴም ታውቅ ነበር። የሰው ክፋት የሚመዘነው የሌላውን ችግር አውቆ ወይም ሳያውቅ በመሥራቱ ነው፤ እኛ ቤት ሁሉም እያወቀ ነበር የሠራው።

ባልና ሚስቱ ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ገቡ። የራሳቸው ምድጃ አልነበራቸውም፤ ማድቤቱ አንድ ነው፣ እርሱም የባለቤቴ ነው።

ልጅቷ ጣሳዋን ስትከፍትልኝ መጀመሪያ የሐር ክር መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው እንደ በቆሎ ፀጉር የቀጠነ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ የደረቀ ቀይ ነገር ነው። ከአበባ መካከል የሚለቀም መሆኑን፣ አንድ አበባም ከጥቂት ክር በላይ እንደማይሰጥ ነገረችኝ። አክስቷ በጣልያንኛ «ዛፈራኖ» ትለው ነበር፤ እኛ ዛፍራን አልነው። እኛ በምናውቀው ገበያ የሚገዛበት ቦታ ስላልነበረ፣ ጣሳዋ ውስጥ ያለው ሲያልቅ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ትሰስትለት ነበር።

አሠራሯን ማድቤት ደጃፍ ቆሜ አይቻለሁ። በሁለት ጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ታወጣና ከትንሽ ስኳር ጋር በነሐስ ሙቀጫ ትወቅጠዋለች። ስኳሩ የሚገባው ክሩ እንዲደቅላት ነው። በዚያ ላይ ያልተወቀጠ ክር ትጨምርና ለብ ያለ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ትነክረዋለች፤ የፈላ ውኃ ሽታውን ይገድለዋል ትላለች። ብርጭቆውን በስኒ ማስቀመጫ ከድና መስኮት ላይ ትተወዋለች። ውኃው መጀመሪያ የገለባ መልክ ይኖረዋል፣ ቆይቶ የማር፣ በመጨረሻ ክሮቹ እየነጡ ውኃው ይቀላል። ሩዙን የምታበስለው ሽንኩርቱን በለጋ ቅቤ፣ መልኩ ሳይለወጥ፣ ለስለስ ብቻ አድርጋ ነው። ሩዙን እላዩ ላይ ታገላብጥና የአጥንት መረቅ በጭልፋ እየጨመረች፣ አንዱ ሲመጠጥ ሌላውን እያስከተለች ታማስለዋለች። የዛፍራኑ ውኃ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው። ያን ጊዜ ነጩ ሩዝ በአንድ ጊዜ ይለወጣል።

ባለቤቴ ሽንኩርት የምታበስለው ያለ ቅባት፣ እስኪጠቁር፣ ግማሽ ቀን ነው። ቅመም ያልገባበት ቅቤ ድስት ውስጥ ሲገባ ስታይ ፊቷን አዞረች። ሩዝም በእኛ ቤት የሕመምተኛ ምግብ ነበር፤ ልጄ ከአሰብ ሲያመጣ ለጎረቤት ነበር የምንሰጠው። ምግቡ ሲቀርብ እኔ በላሁ። የተሰማኝን ተናገርሁ። ሽታው ፀሐይ የመታውን ድርቆሽ ይመስላል፤ ጣዕሙ ትንሽ ይመራል፣ ከምሬቱ በታች ግን ማር የመሰለ ነገር አለ። ጥሩ ነው አልሁ። ባለቤቴ ሳትቀምስ ሳህኑን አነሣች።

ያ ከጥምቀት በኋላ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ምራቴ ያንኑ በዘይትና በአትክልት መረቅ ሠራችው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የቀበሌ ስኳራችንን ለምና፣ ሩዝ በወተት ቀቅላ፣ ዛፍራን ጨምራበት እስኪረጋ አቀዘቀዘችው። የከፋው ግን ሕምባሻው ነው። ሕምባሻ የባለቤቴ ነው። ከተምቤን ጀምሮ እጇ የታወቀበት፣ በማንኪያ ጫፍ አበባ እየሣለች የምትጋግረው፣ ዘመድ ሁሉ የሚጠብቀው። ምራቴ ሊጡ ውስጥ የዛፍራን ውኃና ትንሽ ስኳር ጨምራ አንድ ጋገረች። ሲቆረስ ውስጡ የዕንቁላል አስኳል መሰለ፤ እንግዶቻችን እየተሻሙ ጨረሱት። የባለቤቴ ሕምባሻ በማግሥቱም አልተነካም፤ ደርቆ ውኃ ውስጥ እየነከርን በላነው።

ይህ ሁሉ ያልፍ ነበር። ያላለፈው ጉርሻው ነው። ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ሹፌር ሆኖ እንኳ፣ እራት ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚቀበለው ከእናቱ እጅ ነበር። ካገባ በኋላ ሰርቪሱ ውስጥ ቢጫ ሩዙን በልቶ ይመጣና እናቱ ጉርሻ ስትዘረጋለት «ጠግቤያለሁ እማዬ» ይላታል። አንድ ሁለት ጊዜ እጇ አየር ላይ ቀርቶ አይቻለሁ። ጉርሻውን መልሳ ራሷ ትበላዋለች። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን አፍ አውጥታ አልተናገረችም።

ጎረቤታችን የሆነች፣ ባለቤቴ እትዬ የምትላት ሴት ነበረች። በቀበሌው የሴቶች ስብሰባ ላይ ስለ ጥንቆላና ስለ ጎጂ ልማድ የምታስተምር እርሷ ናት። እሑድ ይህን ታስተምርና ሰኞ ደግሞ ማን ለማን መድኃኒት እንዳበላ ትዘረዝራለች። ሰው አደባባይ ላይ የሚናገረውንና ቤት ውስጥ የሚያምነውን ሳያስታርቅ መኖር መቻሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያ ዘመን ደግሞ ይህን ለብዙ ሰው አስተምሯል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ልጄ ከአሰብ በሚመለስበት ዕለት ጠዋት፣ ምራቴ ዛፍራኗን ነክራ መስኮት ላይ አስቀመጠችና ውኃ ልትቀዳ ወደ ቦኖ ወረደች። ባለቤቴ ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ምን ልትፈልግ እንደገባች አልነገረችኝም፤ የቀረውን ግን በኋላ ራሷ ነግራኛለች። ክዳኑን ስታነሣ ቀያይ ክሮች በውኃ ውስጥ እንደ ፀጉር ተንሳፍፈው አየች። አጠገቡ ሙቀጫው አለ፣ ቀይ ዱቄት ተጣብቆበታል። ብርጭቆውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጎረቤቷ ወሰደችው።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሥር ነዋ። ምን መሰለሽ?»

«ሩዝ ላይ ነው የምታደርገው።»

«ታዲያ ወጥ ላይ እንድታደርገው ፈለግሽ? እኔን ብትሰሚ ልጅሽ ካለቀለት ቆይቷል። ለእናቱ አፉን የማይከፍት ልጅ ታስሮ ነው እንጂ ጠግቦ ነው?»

ሴትዮዋ የጉርሻውን ነገር ከየት እንዳወቀች አላውቅም። ባለቤቴ ግን የቀረውን ሁሉ ያመነችው በዚያች አንዲት ቃል ነው።

ሁለቱ ሊፈትኑት ተስማሙ። አሮጌ ውሻ ነበረን። ዳቦ በብርጭቆው ውኃ አርሰው ሰጡት። ውሻው ሞቶ ቢሆን መርዝ ነው ይሉ ነበር። አልሞተም፤ ዳቦውን በልቶ ሄዶ የምራቴ በር ሥር ተኛ። ውሻው ሁልጊዜ የሚተኛው እዚያ ነው፤ አጥንት የምትጥልለት እርሷ ናት። ጎረቤታችን ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አየሽ? እንስሳውን እንኳ አልማረችውም» አለች። መስተፋቅር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ምራቴ እንስራዋን አውርዳ ብርጭቆዋን ስትፈልግ ባለቤቴ ግቢው መካከል ጠበቀቻት። የነገረቻትን ሁሉ አልጽፈውም። የጣልያን ትራፊ የበላች አለቻት፤ እናት አባቷን በልታ አክስቷን ያስከተለች አለቻት፤ ከእንግዲህ እጇ ከማድቤቱ ምንም እንዳይነካ አለቻት። ልጅቷ ቅመም ነው፣ ብርጭቆዬን ስጡኝ ብቻ ትል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ማድቤቱን ቆለፈች። የልጅቷን ምግብ ጠርዙ በተሰበረ ሳህን ላይ አድርጋ ደጃፏ ላይ ታስቀምጥላታለች፤ ሳህኑንም ከሌላው ዕቃ ጋር አታጥበውም። ልጄ ማታ ሲገባ እናቱ ቁርጡን ነገረችው፤ ከሚቀጥለው ጉዞህ ስትመለስ ይህችን ሴት ግቢዬ ውስጥ እንዳላያት። ልጄ ጫማውን ተመለከተ። ሚስቱን ተመለከተ፣ እንደገና ጫማውን ተመለከተ። በረሃ ላይ ጎማ የሚፈታ ወንድ ነው፤ በእናቱ ፊት ግን አንዲት ቃል አልወጣውም። እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁትም፤ ወይም እንዲህ አድርጌ አሳድጌው ኖሯል።

በማግሥቱ እርሱ ሥራ ሲወጣ ልጅቷ እኔ ወዳለሁበት መጣች። ቁጭ በይ ብላትም አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ እርስዎ ለቀበሌው ሰው ሁሉ ይፈርዳሉ። ለእኔም ይፍረዱልኝ። ከዚህ ብወጣ የምገባበት የለኝም።»

እንደማንኛውም ተከሳሽ ጠየቅኋት። ከማን ተቀበልሽው፣ ማን አስተማረሽ፣ ቃል ይደገምበታል ወይ፣ ለባልሽ ብቻ ለይተሽ አብልተሽ ታውቂያለሽ ወይ። ሁሉንም መለሰች። ጣሳዋን አስመጥቼ ከፈትሁት፤ ከግማሽ በታች ቀርቷል። አንድ ክር ምላሴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ምራቄ ቢጫ ሆነ እንጂ ምንም አልሆንሁም። ቅመም መሆኑን አምኛለሁ። የእኔ ማመን ግን ለባለቤቴ ማስረጃ አይሆንም፤ አንተም በልተህላታል ነው የምትለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በከሳሾችሽ ፊት ታበስያለሽ አልኋት። ጣሳው ውስጥ ያለውን ሁሉ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድ ክር ብታስቀሪ መድኃኒቱ የቀረው ነው ይላሉ።»

ጣሳዋን ከእጄ ተቀብላ ክዳኗን ገጠመች። ከአክስቷ የቀራት ያች ብቻ መሆኗን ረስቼ ነው አልልም፤ አስቤዋለሁ። ግማሽ ማስረጃ ግን ማስረጃ አይደለም። እሺ ብላ ሄደች።

እሑድ ጎረቤታችንን አስጠራኋት። «ጓድ ዳኛ፣ እኔን በሰው ምራት ምን አገባኝ?» እያለች መጣች፤ መጥታም ከሁሉ በፊት ተቀመጠች። ባለቤቴ ማድቤቱን ከፍታ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ምራቴ ጣሳዋን አፏን ደፍታ የቀረውን ሁሉ ሙቀጫ ውስጥ ገለበጠች፤ ጣሳው ባዶ መሆኑን ሁሉም እንዲያይ እኔ በእጄ አዙሬ አሳየሁ። ወቀጠችው። ነከረችው። ውኃው ሲቀላ ከብርጭቆው ግማሹን እንድትጠጣ አዘዝኋት። አንገራገረች። «ጠጪ» አልኋት ሁለተኛ። ጠጣችው፣ ከንፈሯና ጥርሷ ቢጫ ሆነ። ጎረቤታችን ሳቀች።

ሽንኩርቱን ስታበስል፣ ሩዙን ስታማስል፣ መረቁን ስትጨምር ሁሉም እጇን ይከታተል ነበር። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ባለቤቴን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ ሹክሹክታ በማይመስል ሹክሹክታ፣ «ከንፈሯን እያት፤ እየደገመችበት ነው» አለቻት።

«እያለቀስሁ ነው» አለች ምራቴ፣ ድስቱን ማማሰሏን ሳታቆም።

የወተቱንም ሩዝ ሠራች። ሁለቱ ሲቀርቡ ቢጫ አልነበሩም፤ የሸክላ መልክ ነበራቸው። እውነቱን መናገር አለብኝ፦ ምግቡ ያን ቀን ጥሩ አልነበረም። ዛፍራን ሲበዛ ይመራል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ለብዙ ጊዜ ሊበቃ ይችል የነበረው በአንድ ድስት ገባ። እኔ መጀመሪያ በላሁ። ልጄን አዘዝሁት፣ በላ። ከዚያ በእጄ ጠቅልዬ ለባለቤቴ ዘረጋሁ።

ከተጋባን ጀምሮ ጉርሻዬን መልሳብኝ አታውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ብይ» አልኋት። «ዛሬ ካልበላሽ፣ ከነገ ጀምሮ እኔም ከአንቺ እጅ አልበላም።»

እንዳልሁት እንደማደርግ ታውቃለች። አፏን ከፈተች። እስክትውጥ ጠበቅኋትና ደገምሁ፣ አሁንም ሠለስሁ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ ታኝክ ነበር። ልጄ ወደ ውጭ ወጣ። ጎረቤታችን ጾመኛ ነኝ አለች።

«በሃምሳው?»

«ስእለት አለብኝ።»

«ስእለትሽን ሸንጎ ላይ ታስረጂያለሽ። ብይ።»

በላች። እንዲያውም ከወተቱ ሩዝ ደገመች። ስኳር በካርድ በሚታደልበት ዘመን ከእንደዚያ ዓይነት ሳህን ፊት ብዙ የሚጸና ሰው አልነበረም።

ሲያበቃ ውሳኔዬን ተናገርሁ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም፣ ምራቴ በቤቷ ትኖራለች፣ ማድቤቱም ለሁለቱም ክፍት ይሆናል አልሁ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ዛሬም ሌላ አልፈርድም።

ፍርድ ግን እምነትን አይነቅልም። ባለቤቴ በማግሥቱ የማድቤቱን ቁልፍ አምጥታ ምራቴ እጅ ላይ አስቀመጠች። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «በላሁ እኮ፤ አንተ ራስህ አጎረስኸኝ። ከእንግዲህ ያለችኝን ነው የማደርገው» አለችኝ። ጎረቤቷ ሥሩ ገብቶብሻል ብላታለች፤ እርሷም አመነች። ልጅቷ ውኃ አምጪልኝ ካለቻት ታመጣለች፣ ሽንኩርት ላጪ ካለቻት ትልጣለች፣ ከዚያ እጇን እያየች ትቀመጣለች። ያን ጠንካራ ሴት የማውቃት እኔ ነኝ፤ በረሃብ ጊዜ ልጅ በሕይወት ያቆየች ሴት ናት። አሁን ድስት ስታማስል እንኳ ታስፈቅዳለች። ጸበል ሄደች፤ ተመልሳ መጥታ ያው ሆነች።

ምራቴ ይህን ሲያይ ልቡ የሚራራ ዓይነት ሰው ብትሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። አልሆነችም። የበርበሬውን እንስራ ክፍሏ አስገብታ ቆለፈችበት። ጠርዙ የተሰበረውን ሳህን አልጣለችውም፤ የባለቤቴን ምሳ በእርሱ ማቅረብ ጀመረች። አንድ ጠዋት ሰርቪሱ መስኮት ላይ በስኒ ማስቀመጫ የተከደነ ብርጭቆ አየሁ፤ ውስጡ ቢጫ ውኃ አለ። ባለቤቴ ዓይኗ እርሱ ላይ ተተክሎ ግቢውን ትጠርግ ነበር። ሄጄ ቀመስሁት። ዛፍራን አልነበረም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኋት ልጅቷን።

«እርድ ነው፣ አባባ። እርድ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው?»

ክልክል አልነበረም። ብርጭቆውን ደፍቼ መለስሁላት። በማግሥቱ ሌላ ተቀምጦ ነበር። ለባለቤቴ እርድ ነው ብዬ ነገርኋት፤ አላመነችኝም፤ እርድማ አውቃለሁ አለች።

እንዲህ ስንኖር ምራቴ አረገዘችና ወለደች፣ ሴት ልጅ። ከሐኪም ቤት በመጣች ቀን ባለቤቴ ሳትጠየቅ ማድቤት ገባች። ቁልፉን ካስረከበች ወዲህ በራሷ ፈቃድ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። የገብስ ዱቄቱን ራሷ አመሰች፣ ራሷ አገነፋች፤ ጉልበቷን ገንፎው ላይ ስታወርደው ያች የጥንቷ ሴት ነበረች። ቅቤውን በኮረሪማና በእርድ አንጥራ፣ ገንፎውን መካከሉን በማንኪያ ጎድጉዳ ሞላችበት። ለማንም ሳትሰጥ በሁለት እጇ ተሸክማ ወደ አራሷ አልጋ ገባች። እኔና ልጄ በሩ ላይ ነበርን። የሰፈር ሴቶች በየመደቡ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤታችንም አለች።

ምራቴ ገንፎውን አየችው። ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዞረች።

«ቢጫው ምንድን ነው?»

«እርድ ነው፣ ልጄ» አለች ባለቤቴ። ልጄ ብላ ስትጠራት ያን ቀን መጀመሪያ ሰማሁ።

ምራቴ ግን እርሷን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ የዚህ ቤት ሕግ አልተለወጠም አይደል? መጀመሪያ እርሳቸው ይቅመሱ።»

ከሴቶቹ አንዲቱ የአራስ ንዴት ነው ልትል ጀመረችና ተወችው። ልጄ ወደ መሬት ተመለከተ። ባለቤቴ ሳህኑን ይዛ እኔን ታያለች፤ ዓይኗ አይለምንም፣ ይጠብቃል እንጂ። አንድ ቃል በቂ ነበር። ነገሩን መዘንሁት። ለአንዷ ያወጣሁትን ሥርዓት ለሌላዋ ብከለክል፣ ያን እሑድ ያደረግሁት ፍርድ ሳይሆን ጉልበት ነበር ማለት ነው። ሰው የገዛ ሚስቱ ስለሆነች ብቻ ሚዛን ካጋደለ፣ ለጎረቤት ሊፈርድ አይገባውም።

«ቅመሺ» አልኋት።

ባለቤቴ ሳህኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ከዳር ቆርሳ፣ ቅቤው ውስጥ ነክራ፣ ሁሉም እያያት ጎረሰች። አላለቀሰችም። ውጣ አፏን ከፍታ አሳየች፤ ይህን ማንም አላዘዛትም። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠራረገች።

ከዚያ ምራቴ በላች። ከሐኪም ቤት የመጣች የተራበች ሴት እንደምትበላው በላች፣ በዝግታ፣ ከዳር ወደ መካከል እየመጣች። ቅቤው ሲጎድል ቀና ሳትል «ቅቤ ጨምሩልኝ» አለች። ከሴቶቹ ማንም አልተነሣም። ማድቤት ሄዳ አምጥታ የጨመረችላት ባለቤቴ ናት።